በክረምት ለሰፈር ልጆች ሮቦት ማስተማር ላሰባችሁ

ሐምሌ ሲገባ የኮንዶሚኒየማችን ልጆች መዋያ ያጣሉ። ዝናቡ ውጭ አያስጫውትም። ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ቴሌቪዥንና የእናት ስልክ ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት የግቢያችንን ኮሙናል ቁልፍ ከኮሚቴው ተቀብዬ የሮቦት ትምህርት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር እናስተምራለን። «እኛም ሰፈር ብንጀምረውስ?» የሚሉኝ ወላጆችና መምህራን በዝተዋል። የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የልጆቹን ቁጥር ወስኑ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት እምቢ ማለት አቃተኝና 20 ልጅ መዘገብኩ። የነበረኝ ዕቃ ግን ለአራት ሮቦት ብቻ የሚበቃ ነበር። አምስት ልጅ አንዲት የሮቦት መኪና ይከባል፣ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። በሦስተኛው ሳምንት የሚያዩት መቅረት ጀመሩ። አልፈርድባቸውም። አሁን የምቀበለው 12 ልጅ ብቻ ነው፤ ለሁለት ልጅ አንድ ሙሉ ዕቃ እሰጣለሁ። ስድስት ዕቃ ከሌላችሁ ልጆቹን ቀንሱ እንጂ አንድ ዕቃ የሚጋሩትን አታብዙ።

ውድ የተዘጋጀ ስብስብ አያስፈልግም። ሌጎ የሚባለው የመጫወቻ ኩባንያ የሚሠራው ማይንድስቶርምስ የተባለ የሮቦት ስብስብ ጥሩ ነበር፤ ግን ኩባንያው በ2022 መጨረሻ ማምረቱን አቁሟል። አንዱ ክፍል ቢሰበር ምትክ ፍለጋ ትንከራተታላችሁ። ለአንድ ጥንድ የሚበቃው ይሄ ነው፦ አንድ አርዱዊኖ ኡኖ፣ ማለትም ሮቦቱን የሚያዝ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ (ተመሳስሎ የተሠራውም ይሠራል)፣ ሁለት ቢጫ ሞተር ከነጎማው፣ ኤል298ኤን የሚባለው የሞተር መቆጣጠሪያ፣ አንድ የርቀት ሴንሰር፣ ወለል ላይ ያለ ጥቁር መስመር የሚለዩ ሁለት የመስመር ሴንሰሮች፣ ሁለት የሊቲየም ባትሪ ከነማቀፊያው፣ ገመዶች። የመኪናውን አካል ከወፍራም ካርቶን ቆርጠን እንሠራዋለን፤ የፊት ጎማው የሃይላንድ ክዳን ነው። ቮልት የሚለካ ቴስተር አንድ ይበቃል። ካቻቪቴ ግን ለየጥንዱ ይኑር።

ላፕቶፖቹን ከመጀመሪያው ቀን በፊት አሰናዱ። የአርዱዊኖ ኮድ፣ ማለትም ለቦርዱ የሚሰጠው ትእዛዝ፣ የሚጻፍበት ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቀድማችሁ ጫኑት። ተመሳስለው የተሠሩት ቦርዶች ብዙ ጊዜ ሲኤች340 የሚባል ቺፕ ስላላቸው ላፕቶፑ ቦርዱን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ድራይቨርም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የዩኤስቢ ገመዱንም አንድ በአንድ ሞክሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያስተላልፍ ገመድ አለ። እኔ አንድ ሙሉ ጠዋት ቦርዱ ተበላሽቷል ብዬ ስታገል ውዬ ጥፋቱ የገመዱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። 12 ልጅ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃችሁ ያ ጠዋት አያልቅም።

በመጀመሪያው ቀን ንግግር አታብዙ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ያረጁ ዲቪዲ ማጫወቻዎችና ፕሪንተሮች ግዙ። ለየጥንዱ አንድ አሮጌ ዕቃና ካቻቪቴ ስጧቸውና ይፍቱ። ሞተሩን ሲያገኙ ፊታቸውን ማየት ነው። ያወጡትን ሞተር ከባትሪ ድንጋይ ጋር ያገናኙታል፣ ይዞራል፤ ገመዱን ሲያገላብጡት ወደ ሌላው ይዞራል። ይህን በእጁ ያየ ልጅ በኋላ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አንድ ነገር አደራ፦ የድሮ ቴሌቪዥን፣ ማይክሮዌቭና ማንኛውንም ግድግዳ ላይ የሚሰካ የኃይል ክፍል እንዳይከፍቱ። ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ የሚቆይ ካፓሲተር ውስጡ አለ። ከዲቪዲውና ከፕሪንተሩ ያንን ክፍል ቀድማችሁ ራሳችሁ አውጡት።

ለ9 እና ለ10 ዓመት ልጆች በስክራች ጀምሩ፤ ትእዛዞችን እንደ ብሎኬት እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ነው። ስክራች በአማርኛ አለ። ከቋንቋ ምርጫው ውስጥ አማርኛን መምረጥ ነው። ከትልልቆቹ ጋር በቀጥታ ወደ አርዱዊኖ መግባት ይቻላል፤ መጀመሪያ ጅረቱን በሚቀንስ ባለ220 ኦም ሬዚስተር አንዲት ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ማብራትና ማጥፋት፣ ቀጥሎ ሞተር።

እኔ በጣም የምወደው የርቀት ሴንሰሩን ቀን ነው። ዕቃውን ከማውጣቴ በፊት «የገደል ማሚቶ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ገጠር ዘመድ ያለው ልጅ ሁሌ አይጠፋም። ገደል አፋፍ ቆሞ ስሙን ጠርቶ ስሙ ሲመለስለት እንደሰማ ይተርካል። ገደሉ ሲርቅ ድምፁ ይዘገያል፣ ሲቀርብ ቶሎ ይመለሳል። በቃ፣ ሴንሰሩ ይሄው ነው። በሴኮንድ 40 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ፣ የእኛ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይለቅና እስኪመለስ ይጠብቃል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ግድግዳው አንድ ሜትር ላይ ካለ ደርሶ ለመመለስ 6 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። ሒሳቡን ልጆቹ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይሠሩታል። «ለምንድነው ለሁለት የምናካፍለው?» ሲባሉ «ሄዶ ስለተመለሰ!» ብለው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ከዚያ መኪናዋ ግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር ሲቀራት እንድትቆም ያደርጋሉ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። መኪናው እምቢ ሲል እናንተ አትንኩት።

አምና አንዲት የ11 ዓመት ልጅ የሠራቻት መኪና ወደፊት በመሄድ ፈንታ ባለችበት ትሽከረከር ነበር። አብሯት የሚሠራው ልጅ ኮዱን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ጻፈው። እኔ ገና እንዳየሁት ገብቶኛል። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ዝም አልኩ። ልጅቷ መኪናዋን አንስታ ጎማዎቹ አየር ላይ እንዲሆኑ ስኒ ላይ አስቀመጠቻት። ጎንበስ ብላ አየች። የግራው ጎማ ወደፊት፣ የቀኙ ወደኋላ። ካቻቪቴውን አንስታ የቀኙን ሞተር ሁለት ገመዶች ፈታች፣ አገላብጣ አሰረች። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። 35 ደቂቃ ወስዶባታል። እኔ ብሆን በግማሽ ደቂቃ እጨርሰው ነበር፤ ልጅቷ ግን ምንም ይዛ አትሄድም ነበር።

ዝም ማለት ሲባል ግን መተው አይደለም። የመፈለጊያ ቅደም ተከተሉን በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። መጀመሪያ ባትሪው፦ ሁለቱ የሊቲየም ባትሪዎች ሲሞሉ በቴስተር 8.4 ቮልት ያሳያሉ፤ 6.4 አካባቢ ከወረዱ ወደ ቻርጀር። የሞተር መቆጣጠሪያው ራሱ 2 ቮልት ገደማ ስለሚበላ ደካማ ባትሪ ቶሎ ይታወቃል። ቀጥሎ ግራውንድ፦ የባትሪው ኔጌቲቭና የአርዱዊኖው ግራውንድ ካልተገናኙ ሞተሩ ትእዛዝ አይሰማም። ይሄኛውን በየዓመቱ የማይረሳ የለም። ከዚያ የገመዶቹ አቅጣጫ። ኮዱ መጨረሻ ላይ ነው። ልጆች መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ኮዱ ስለሆነ ይህን ደጋግሞ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገው አዋቂ ብቻ ይሁን። ሴራሚክ ወለል ላይ፣ ሰው እያየው፣ ማታ ሳያድር። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ሁለቱን የባትሪ ገመዶች አነካክቶ የአንዱ ልባስ እጁ ላይ ቀልጧል። ጠባሳ አልተወም እንጂ እናቱን ማየት ከብዶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማብሪያና ማጥፊያ የሌለው የባትሪ ማቀፊያ አላስገባም።

ሴቶቹን አስተውሉ። ዝም ካላችሁ ወንዱ ካቻቪቴውን ይይዛል፣ ሴቷ ማስታወሻ ትጽፋለች። ማንም አዟቸው አይደለም፤ እንዲሁ ይሆናል። እኛ ጋ ሕግ አለ፦ ካቻቪቴ የያዘ ኪቦርድ አይነካም፣ በየ20 ደቂቃው ደግሞ ይቀያየራሉ። ሰዓቱን የምይዘው እኔ ነኝ።

ሰዓቱንም ከሰፈሩ ኑሮ ጋር አስማሙ። እኛ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ነው የምንማረው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ብዙዎቹ ልጆች ስለሚጾሙ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ረፋዱ ላይ ይደክማሉ። ስለዚህ ለ15 ቀን 2 ሰዓት ተኩል እንጀምርና 5 ሰዓት እንለቃለን። ዓርብ ሙስሊሞቹ ልጆች ለጁምዓ እንዲደርሱም ያመቻል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። በዋዜማውና በዕለቱ ዝጉ፤ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ላይ ናቸው። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ ካርቶን መቁረጡንና የመኪናዋን ጉዞ በወረቀት ላይ ደረጃ በደረጃ መንደፉን አስቀሩለት።

ጎበዝ ጎረምሶች ከእናንተ አቅም በላይ ሲሆኑ ወደ ሌላ ምሯቸው። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ያቋቋማቸው የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከላት አሉ፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጠይቁ።

በመጨረሻው ቀን ወላጆችን ጥሩ። ነጭ ወረቀት ወለሉ ላይ አንጥፈን በጥቁር ናስትሮ መንገድ እንሠራለን፤ መኪኖቹ መስመሩን ተከትለው ይሄዳሉ። ሽልማት አንሰጥም። ይልቅ እያንዳንዱ ልጅ አንድ የተበላሸበትን ነገርና እንዴት እንዳገኘው ለወላጁ ይናገራል። አምና አንዲት አያት መኪናዋ ግድግዳው ጋ ስትደርስ ቆም ስትል አይተው «ዓይን የላት፣ በምን አየችው?» አሉ። የልጅ ልጃቸው «አላየችውም እማዬ፣ ጠርታው ነው» አለቻቸው።

ሰው ከተሸኘ በኋላ መኪኖቹን የሚፈቱት ልጆቹ ናቸው። ብሎኑን በብሎን፣ ሴንሰሩን በሴንሰር ቆጥረው በየካርቶኑ ይከታሉ፤ የጎደለውን ክዳኑ ላይ ይጽፋሉ። ባትሪዎቹን ለብቻ አውጥቼ ቤቴ እወስዳለሁ። በሚቀጥለው ሐምሌ መጀመሪያ የምገዛው ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ነው።