የጤፍ ማሳችሁን አፈር በሐምሌ እንዳታጡ

የአባቴ ማሳ ጎጃም ውስጥ ተዳፋት ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ሐምሌ ሲገባ ከሥሩ ያለው ጅረት ቀልቶ ይወርድ ነበር። ቀዩ ውሃ አፈራችን መሆኑ የገባኝ ዘግይቼ ነው።

ጤፍ የላመ መሬት ይወዳል። አራት አምስቴ ይታረስለታል። የሚዘራው ደግሞ ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ነው። ዶፉ የሚወርደው እንግዲህ ምንም ባልሸፈነው አፈር ላይ ነው። ውሃ እንዳይተኛ ብለን በበሬ የምናወጣው ፈሰስም አለ። ቁልቁል ከተሳበ ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ቦረቦር ይሆናል።

መጀመሪያ ዝናብ እንዳባራ ማሳውን ዙሩት። ጎርፉ ከላይ ካለው ግጦሽ የሚመጣ ከሆነ ከማሳው ራስ ላይ መቀልበሻ ቦይ አውጡ። ያለዚያ ከሥሩ የምትሠሩት እርከን አይችለውም።

የእርከኑ ቁፋሮ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። የእርከኑ መስመር ከዳር እስከ ዳር እኩል ከፍታ እንዲይዝ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት እንጨቶች፣ 10 ሜትር ገመድና መሀሉ ላይ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ያስፈልጋል። በዓይን አትገምቱ። እኔና ወንድሜ ገምተን ሠራን፤ አንዱ ጫፍ ዝቅ ብሎ ኖሮ ውሃው ሁሉ እዚያ ተጠራቅሞ በመጀመሪያው ዶፍ ናደው።

እኛ የሠራነው ፋንያ ጁ የሚባለውን የእርከን ዓይነት ነው። ስሙ ስዋሂሊ ነው፤ አፈሩን ወደ ላይ አድርግ እንደ ማለት። ወርዱም ጥልቀቱም 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦይ ትቆፍራላችሁ። አፈሩን ወደ ዳገቱ ትቆልላላችሁ፤ ከቦዩ አፍ አንድ ስንዝር አርቃችሁ፣ ተመልሶ እንዳይገባ። መሬቱ በ10 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ በየ10 ሜትሩ አንድ እርከን ይበቃል። ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ከሆነ ግን በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘንበል አድርጉት፤ መጨረሻውም ሣር የለበሰ መውረጃ ይሁን።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ቁልሉ ላይ ዴሾ ሣር ትከሉ። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ታጭዶም ለከብት ይሆናል። ከብት ግን አትልቀቁበት። የአንድ ቀን ልቅ ግጦሽ የወር ድካም ያፈርሳል።

ፍጉም ወደ ማሳው ይመለስ። ይህን ለእናቴ መንገር ከብዶኝ ነበር። ኩበት ካልነደደ በምን ይጋገራል? ስለዚህ ከማሳው ራቅ አድርገን ባሕር ዛፍ ተከልን። ለምድጃው ሲደርስ ፍጉን ለጤፉ ለቀቀችልን።