የባግ መከታተያ ድረ ገጽ ስትከፍቱ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

አንድ ሰው የሠራችሁትን ሶፍትዌር ሲጠቀም ችግር ገጠመው። ሥራውን አቋርጦ፣ ጊዜውን ሰውቶ ጻፈላችሁ። ይህ ሰው ውለታ ውሎላችኋል። የባግ (የሶፍትዌር ስህተት) መከታተያ ድረ ገጽ የሚከፈተው ይህ ውለታ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ነው። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ባግዚላ የተባለውን የባግ መከታተያ በ1998 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገ ወዲህ ስንት የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት በዚህ መንገድ አልፏል። የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች ግን ይመሳሰላሉ።

ብዙ ሰው የሚያባርረው ፎርሙ ነው። አንዳንዱ ሃያ ሣጥን ሙሉ ይላል። ሌላው አንድ ባዶ ሣጥን አስቀምጦ ዝም። ባዶው ሣጥን ውስጥ የሚገባው «አማርኛ አይሠራም» የሚል ነው። በዚህ ምን ይደረጋል? የሚያስፈልጉት አራት ጥያቄዎች ናቸው። ምን አደረጉ? ምን ጠበቁ? ምን ሆነ? የትኛው ቨርዥን፣ በየትኛው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ? ያው ሰው እነዚህን ቢጠየቅ እንዲህ ብሎ ይጽፍ ነበር፦ «በአቢሲኒካ ፎንት የጻፍኩትን ደብዳቤ ወደ ፒዲኤፍ ስቀይረው ፊደሎቹ በሙሉ ባዶ ሣጥን ሆኑ። ስክሪኑ ላይ ግን በትክክል ይታያሉ። ፋይሉን አያይዣለሁ።» አሁን ዴቨሎፐሩ መነሻ አገኘ። ስክሪኑ ላይ በትክክል ከታየ ጽሑፉ አልተበላሸም፣ ፎንቱም አለ። መጀመሪያ የሚፈተሸው ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነው። ተጠቃሚዎቻችሁ አማርኛ ተናጋሪ ከሆኑ ደግሞ በአማርኛ እንዲጽፉ ፍቀዱላቸው። እንግሊዝኛ አስፈርቶት ዝም ያለ ሰው ያየውን ባግ እናንተ ላታዩት ትችላላችሁ።

ክብደትንና ቅድሚያን አንድ አድርጎ ማየትም የተለመደ ነው። ክብደት ባጉ ምን ያህል እንደሚጎዳ ይናገራል። ቅድሚያ ግን እኛ መቼ እንደምንነካው ነው። ምርጫውን ያለ ማብራሪያ ለተጠቃሚው ከተዋችሁት ሁሉም «አስቸኳይ» ይሆናል። ደቢያን የተባለው በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሰባት የክብደት ደረጃዎች አሉት፤ የእያንዳንዱ ትርጉም ተጽፎ ተቀምጧል። ለምሳሌ ከፍተኛው ደረጃ ሲስተሙን በሙሉ ለሚያበላሽ ወይም ከባድ የዳታ መጥፋት ለሚያስከትል ባግ ነው። ለትንሽ ፕሮጀክት ሦስት ደረጃ ይበቃል። ትርጉሙን መጻፍ ግን የግድ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ሪፖርትን በሮቦት፣ ማለትም ሰው ሳያየው በራሱ በሚሠራ ፕሮግራም፣ መዝጋት ነው። አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የጻፍኩት ሪፖርት ለወራት መልስ ሳያገኝ ቆየ። ከዚያ «እንቅስቃሴ ስለሌለ ተዘግቷል» የሚል መልእክት መጣልኝ። ባጉ እዚያው ነበር፣ ማንም አልነካውም። ለዚያ ፕሮጀክት ሁለተኛ ሪፖርት አልጻፍኩም። ጊዜ ከሌላችሁ «አሁን አንደርስበትም» በሉ። የማታስተካክሉት ከሆነም ምክንያቱን ጽፋችሁ ዝጉት። ሰው እምቢታን ይችላል፤ ዝምታ ነው የሚያስቀይመው።

ወደ ፓች፣ ማለትም ባጉን ወደሚያስተካክለው የኮድ ለውጥ፣ እንምጣ። ፓች የላከው ሰው ችግሩን ከመናገር አልፎ መፍትሔውንም ይዞ መጥቷል። ፓቹ ከሪፖርቱ ሥር ተያይዞ ሲረሳ ያሳዝናል። እያንዳንዱ ፓች ያለበት ሁኔታ ይታይ፦ አልታየም፣ አስተያየት ተሰጥቶበታል፣ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ውድቅ ሆኗል። ፓች በኢሜይል የሚለዋወጡት የሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ዴቨሎፐሮች ፓችወርክ የሚባለውን መሣሪያ የሚጠቀሙት ለዚሁ ነው። የባጉን ቁጥርም ኮሚቱ (የተመዘገበው የኮድ ለውጥ) ላይ ጻፉ። የቢሮ ሶፍትዌሩ ሊብሬኦፊስ እንዲህ ያደርጋል። ደቢያን ላይ ደግሞ የለውጥ መዝገቡ ውስጥ የባጉን ቁጥር በተወሰነው አጻጻፍ ካስገባችሁት፣ ፓኬጁ (ተጠቃሚው የሚጭነው የሶፍትዌር ጥቅል) ወደ ደቢያን ማከማቻ ተልኮ ተቀባይነት ሲያገኝ ባጉ ራሱ ይዘጋል። ከዓመታት በኋላ «ይቺ መስመር ለምን ተጻፈች?» የሚል ሰው በቁጥሩ ሄዶ መልሱን ያገኛል።

የተደጋገመ ሪፖርት አትሰርዙ፤ ከመጀመሪያው ጋር አያይዙት። ሁለተኛው ሰው የጎደለውን ፍንጭ ይዞ ሊሆን ይችላል።

የደህንነት ባግን አደባባይ ላይ ማስጻፍ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ፓቹ ሳይደርስ ለአጥቂው መንገድ ማሳየት ነው። ለብቻው የተዘጋ መግቢያ ያስፈልገዋል። መዝጋት ብቻም አይበቃም። በ2015 እ.ኤ.አ. ሞዚላ እንዳስታወቀው፣ አንድ ሰርጎ ገብ ለሕዝብ የተዘጉትን የደህንነት ባጎች አይቷል። የገባው ልዩ ፈቃድ ባለው ተጠቃሚ አካውንት ነበር። ተጠቃሚው ያንኑ ፓስወርድ ሌላ ድረ ገጽ ላይም ይጠቀምበት ነበር፤ የተሰረቀውም ከዚያ እንደሆነ ይታመናል። ከዚያ በኋላ ሞዚላ ልዩ ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ቁጥር ቀነሰ፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ብቻ እንዲገቡም አደረገ። እናንተም ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ አድርጉ። ፓቹ ተጠቃሚው እጅ ከደረሰ በኋላ ግን ሪፖርቱን ክፈቱት፤ ሌሎች ይማሩበት። የሪፖርት አቅራቢዎችን ኢሜይልም ማንም አላፊ አግዳሚ እንዲያየው አታድርጉ።

አንድ ቀን ወደ ሌላ ሲስተም መዛወራችሁ አይቀርም። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፕሮጀክት የባግ መከታተያውን በ2022 እ.ኤ.አ. ጊትሀብ ወደተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ሲያዛውር የቀድሞውን ድረ ገጽ ለንባብ ክፍት አድርጎ ተወው። እናንተም የድሮውን አድራሻ አታጥፉ፤ ካጠፋችሁት ኮሚት ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ የትም አያደርስም። ከመዛወራችሁ በፊት ከድሮ ኮሚቶች አሥር ቁጥር ምረጡና አንድ በአንድ ክፈቷቸው። አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ገና አልጨረሳችሁም።