ልጃችሁን «ቹቹ» ብላችሁ ከማስመዝገባችሁ በፊት

የኔ አባት ስሙ ማሙሽ ነው። የቤት ስሙ አይደለም፣ የወረቀት ስሙ። አያቴ «ማሙሽዬ፣ ማሙሽዬ» ስትለው አደገ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ መዝጋቢው ስምህ ማነው ሲለው ማሙሽ አለ፣ በዛው ተፃፈ፣ በዛው ቀረ። አሁን 70 አልፎታል፣ ፒያሳ የሚያውቀው ሰው ሁሉ «ጋሽ ማሙሽ» ነው ሚለው፣ እሱ ምንም አይመስለውም። ያልለመድኩት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ውጭ ሀገር ላስት ኔሜ ሆኖ ተከተለኝ። ሀኪም ቤት «ሚስተር ማሙሽ» ተብዬ ስጠራ ወረፋው ላይ አበሻ ካለ ዞር ብሎ ያየኛል፣ ትልቅ ሰውዬ ከነፂሙ ሲነሳ ሳቁን መዋጥ ያቅተዋል። አዲስ አበባ ለጉዳይ ስመጣ ደግሞ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «የአባት ስም?» ትለኛለች፣ «ማሙሽ» እላለሁ፣ «አይ ወንድሜ፣ የቤት ስማቸውን ሳይሆን ትክክለኛውን»።

እና አምና ሴት ልጅ ስትወለድልን ባለቤቴ «ኪኪ እንበላት፣ አጭር ነው፣ ፈረንጆቹም አያበላሹትም» ስትል ደሜ ነው የፈላው። ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ከዛ ጭቅጭቅም፣ ከዛ በፊት ለወረቀት ስል ከተመላለስኩባቸው ቢሮዎችም የተማርኩትን ነው እዚህ ምፅፈው፣ ውጭ ወልዳችሁ ሀገር ቤት ግን ቤት፣ ውርስ፣ ወይ አካውንት ላላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ የቁልምጫ ስም ጠላት አይደለሁም። አዲስ አበባ ያለ ቁልምጫ ሰው መጥራት አይችልም፣ ትዕግስት ቲጂ ነች፣ ቤተልሔም ቤቲ፣ ህይወት ሂዊ፣ ናትናኤል ናቲ፣ ተስፋዬ ተስፍሽ፣ ጌታቸው ጌች። ሰፈሮቹ ራሳቸው በቅፅል ስም ነው ሚኖሩት፣ ካዛንቺስ የጣልያን ጊዜ የሠራተኛ ቤቶች መሥሪያ ቤት ምህፃረ ቃል ነበር፣ ዶሮ ማነቂያን ደግሞ ማንም ቢሮ ቁጭ ብሎ አላወጣለትም። እጅጋየሁ ሽባባውን ዓለም ጂጂ ብሎ ነው ሚያውቃት፣ ቴዎድሮስ ካሳሁንም ቴዲ አፍሮ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሁለቱም ከኋላ ሙሉ ስም አላቸው። ቁልምጫው ከስሙ ላይ ነው የበቀለው። እኛ ዳያስፖራዎቹ የያዝነው አመል ግን ስሙን ትተን ቁልምጫውን ብቻ በርዝ ሰርተፊኬት ላይ መፃፍ ነው።

ፈረንጅ ሀገር ይሄ ብዙም አይጎዳም ይሆናል፣ ላስት ኔሙ ስለሚሸከመው። የኛ ግን ሌላ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም ምናምን ብሎ ፅፎ ነበር፣ ሰዉ ግን አልተቀበለውም፣ ዛሬም የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ነው። ስለዚህ ወንድ ልጃችሁን ባቢ ስትሉት ለሱ ብቻ አይደለም ስም ያወጣችሁት፣ ለልጁም ለልጅ ልጁም ነው። «ዶክተር ሊያ ባቢ»። ከዛ «ኢንጂነር ዮናስ እከሌ ባቢ»። እኔ የማሙሽ ልጅ ስለሆንኩ ነው ምነግራችሁ።

ስሙ ለአዋቂ ይሆን እንደሆነ ለማወቅ ባለቤቴና እኔ በመጨረሻ የተስማማንበት ዘዴ ቀላል ነው። ከፊቱ ማዕረግ አስገቡበትና ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ጋሽ ቹቹ። እትዬ ቤቢ። ሻምበል ኩኪ። ከዛ ሠርግ ካርድ ላይ ተፅፎ አስቡት። ከዛ እድር ላይ ስም ሲጠራ አስቡት፣ ያልከፈሉ ሰዎች ዝርዝር ላይ «ወይዘሮ ኪኪ፣ የሦስት ወር»። ከዛ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጠዋት በ12 ሰዓት የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ሰፈሩን እየዞረ ስሙን ሲለፍፍ አስቡት። እዛ ጋ ሳቅ ካመለጣችሁ ስሙን ተዉት። ባለቤቴ እዛ ጋ ስትደርስ ነው ኪኪን የተወችው፣ እኔ እንኳን ሠርግ ካርዱ ላይ ነበር ያቆምኩት።

በርግጥ ስም ሰው ያሳድገዋል የሚሉ አሉ፣ እውነት አላቸው። ማሚቱ ትንሽ ልጅ ሲሉ ነው ሚጠሩባት፣ ግን ማሚቱ ጋሼን አስቡ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በታካሚነት ገብተው እዛው የቀዶ ጥገና ባለሙያ የሆኑት፣ ቢቢሲ በፈረንጆቹ 2018 ከ100 ሴቶች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባቸው። ከሳቸው በኋላ ማሚቱ የሚለው ስም ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ልጃችሁ ያን ያህል ሰርቶ ስሙን እንዲያሳድግ ከመጠበቅ ጥሩ ስም መስጠት አይቀልም?

ያደረግነው ነገር ከኋላ መጀመር ነው። ቤት ውስጥ ልትጠሩት ምትፈልጉትን ቁልምጫ ያዙና እሱን ሊወልድ የሚችል ሙሉ ስም ፈልጉ። ማቲ ካማራችሁ ማቲያስ አለ፣ ሄኒ ካላችሁ ሄኖክ፣ ማሂ ከሆነ ማኅሌት፣ አብሲ ከሆነ የአብስራ፣ ኤዱ ከሆነ ኤደን። አንዳንዱ ቁልምጫ እናት የለውም፣ ቹቹን ከየትም ልታመጡት አትችሉም፣ እሱን በቃ ቤት ውስጥ ተጠቀሙበት፣ ማንም አይከለክላችሁም። ሀገራችን ሁለት ሦስት ስም መያዝ ነውር ሆኖ አያውቅም። ፒያሳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ፈረስ ላይ ያሉት ምኒልክ አባ ዳኘውም ነበሩ፣ ተፈሪ መኮንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ሲነግሡ የክርስትና ስማቸውን ኃይለ ሥላሴን ነው የያዙት። የክርስትና ስም ካነሳን ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሳ ሚወጣው ስም ወረቀት ላይ ካልተፃፈ ኢሚግሬሽን አያውቀውም፣ እና እማማ ወይ የንስሐ አባታችሁ በዛ ስም የሆነ ወረቀት ላይ እንዳይፅፉት ንገሯቸው፣ በኋላ ሁለት ሰው ይሆናል።

ሌላ ደግሞ ውጭ ሀገር ሚሰማበት ጉዳይ አለ። ሺታዬ ሀገር ቤት ጨዋ ስም ነው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ክላስ ውስጥ ግን ልጅቷን ታስለቅሷታላችሁ። ግን ፈረንጅ እንዳይቸገር ብላችሁ ስሙን አትቁረጡት፣ ፈረንጁ የራሺያኑን ሁሉ ስም እየለመደ ነው፣ ቴዎድሮስ ለማለት አይሞትም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሆስፒታል ፎርሙ ሲመጣ ፈርስት የልጁ፣ ሚድል የአባት፣ ላስት የአያት አድርጋችሁ ሙሉት፣ በኛ ቅደም ተከተል ይገጥማል፣ አባትየውም ላስት ኔሙ የልጁ አያት ስም ከሆነ ቤተሰቡ ኤርፖርት ላይ አንድ ላስት ኔም ይኖረዋል። እኔ ላስት ኔም የሚለው ላይ የአያቴን ስም መሙላት እንደምችል ባለማወቅ ማሙሽ ሆኜ ቀረሁ። የእንግሊዝኛ ስፔሊንጉን አንዴ ወስኑና ለሁሉም ልጅ ያንኑ ተጠቀሙ፣ «ቀ»ን አንዱ በኬ አንዱ በኪው ፅፎ ወንድምና እህት ባዕድ ሚመስሉበት ቤት አውቃለሁ።

ሀገር ቤት ከወለዳችሁ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት ነው ሚለው አዋጅ 760/2004፣ እና ልጁን አያት ጋ ትታችሁ ምትመለሱ ከሆነ ስሙን እናንተው በፊደል ፃፉላቸው፣ በስልክ አትንገሯቸው። አያቶች ወረዳ ሄደው ሚያስመዘግቡት እነሱ ሚጠሩበትን ስም ነው። ከተመዘገበ በኋላ ስም ልቀይር ካላችሁ ወረዳው በራሱ አይቀይርላችሁም፣ ፍርድ ቤት ነው፣ ለሱ ደግሞ ከውጭ ውክልና መላክ፣ ኤምባሲ፣ ከዛ ውጭ ጉዳይ፣ ከዛ ሰነዶች ማረጋገጫ። ለአንድ «ሚሚ» ብላችሁ።

የሎው ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው፣ ላይም ያው ነው። ልጁ የውጭ ዜጋ ከሆነ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትቀበል በትውልደ ኢትዮጵያዊነት ነው ሚያወጣው፣ ያኔ የልጁ በርዝ ሰርተፊኬት ላይ ያለው የአባት ስም ከአባትየው የኢትዮጵያ ወረቀት ጋር መግጠም አለበት። አባትየው ሀገር ቤት ቢንያም፣ ሲቲዝን ሲሆን ግን «ቢኒ» ብሎ ያሳጠረ ከሆነ እንግዲህ ቢንያምና ቢኒ አንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት የሱ ስራ ነው። ይሄን ስህተት ሚሰራው ብዙ ወንድ ነው፣ ሴቶቹ ደግሞ ውጭ የባል ስም ወስደው ሀገር ቤት የአባታቸው ስም ላይ ያለ ቤት ሊሸጡ ሲመጡ ይያዛሉ።

ውርስም እንደዛው፣ አያት ኑዛዜ ሚያሰሩ ከሆነ «ለልጄ ልጅ ለሊሊ» ተብሎ እንዳይፃፍ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሙሉ ስም ይሁን። ብር ስትልኩም ተቀባዩን ስልካችሁ ላይ ባለው ስም ሳይሆን መታወቂያው ላይ ባለው፣ አሁንማ በፋይዳው፣ በብሔራዊ መታወቂያው፣ ላይ ባለው ላኩ፣ «አቤ» ተብሎ የተላከ ብር አበበ ሄዶ አይወጣለትም።

የኛ ልጅ ማኅሌት ሆነች። አባቴ በስልክ ስነግረው «ጥሩ ስም ነው» አለና ትንሽ ዝም ብሎ «ግን ሚጢጢ ብዬ ነው ምጠራት» አለ። እሺ ጋሽ ማሙሽ፣ አልኩት፣ ወረዳ ብቻ እንዳትሄድ።