የስኮትስ-አይሪሽ ዘር እንዴት ይቆጠራል? ውቅያኖሱን ለመሻገር አትቸኩሉ

ልጄ አምስተኛ ክፍል ሳለች «የቤተሰብሽን የዘር ሐረግ ሠርተሽ አምጪ» ተብላ መጣች። የእኔ ወገን በአንድ ስልክ አለቀ። ጎንደር ያለችው አክስቴ ሰባት ቤት አከታትላ ቆጠረችላት፤ ልጄ «ቆይ፣ ቆይ፣ እየጻፍኩ ነው» እስክትል ድረስ። ጣጣው የአባቷ ወገን ነበር። ባለቤቴ የደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች ልጅ ነው። አማቴን ስንጠይቃቸው «እኛ ስኮትስ-አይሪሽ ነን» አሉ። ከየት? መቼ? ማን? ከአያታቸው በላይ መሄድ አልቻሉም።

የቤት ሥራው ከሦስት ዓመት በኋላም አላለቀም። በመሀል ግን ብዙ ተምሬያለሁ። እንደኛ ከዚህ ወገን ጋር የተጋባ ሐበሻ አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ስላልሆነ መንገዱን ላሳያችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ስኮትስ-አይሪሽ ማለት አባቱ ስኮትላንዳዊ፣ እናቱ አየርላንዳዊት የሆነ ማለት አይደለም። ከ1609 ጀምሮ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ንጉሥ ጄምስ በሰሜን አየርላንድ፣ አልስተር በሚባለው ክፍል፣ ከአየርላንዳውያን በተወሰደ መሬት ላይ ሰው አሰፈረ። ብዙዎቹ ሰፋሪዎች የስኮትላንድ ቆላ ገበሬዎች፣ በሃይማኖት ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። መቶ ዓመት እንደኖሩ ኑሮው ከበዳቸው። ጭሰኞች ነበሩና የኪራይ ውላቸው ሲያልቅ ባለመሬቱ ዋጋ ይቆልልባቸዋል። ድርቅ አለ። በ1704 የወጣው ሕግ ደግሞ ፕሬስቢቴሪያኖችን ከመንግሥት ሹመት አገለለ። ከ1717 እስከ 1775 ባለው ጊዜ ከ100,000 በላይ ሰዎች ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። እዚያው አየርላንድ የቀሩት ዛሬ «አልስተር ስኮትስ» ይባላሉ። ስለዚህ የምትፈልጉት ሰው ምናልባት ስኮትላንድን በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ከራስ ወደ ኋላ

ከልጃችሁ ጀምሩና አንድ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሂዱ። አንጋፋ የሆኑትን ዘመዶች ዛሬውኑ በስልክ ቅዱ፤ ነገ አይባልም። የድሮ መጽሐፍ ቅዱስ ካለ ሽፋኑን ገልጣችሁ እዩ። እኛ ዳዊት ላይ የልጅ ልደት እንደምንጽፈው እነሱም ባዶ ገጹ ላይ ልደትና ሞት ይጽፋሉ። የመቃብር ድንጋይ ፎቶ አንሱ። ለእያንዳንዱ ሰው «ይሄን ከየት አገኘሁት?» የሚለውን አብራችሁ ጻፉ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ አንዱን ሥራ ሁለቴ ሠርቻለሁ።

የሕዝብ ቆጠራ

አሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ትቆጥራለች። መዝገቡ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ስለሆነ የመጨረሻው የተከፈተው የ1950 ነው። ፋሚሊሰርች በሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ታገኙታላችሁ። ከ1950 ተነሱና ወደ ኋላ ውረዱ። የ1890ው በእሳት ምክንያት በአብዛኛው ስለጠፋ ከ1900 ወደ 1880 መዝለል የግድ ነው። የ1880ው ግን ወርቅ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደሆነ፣ እናትና አባቱ የት እንደተወለዱ ይናገራል። የትውልድ ቦታ ላይ «አየርላንድ» የሚል ብታዩ አትደንግጡ። ስኮትላንድ የሚል ስትጠብቁ የምታገኙት እሱን ነው።

ስም ፍለጋ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቆጣሪው የጻፈው በጆሮው የሰማውን ነው። አንዱ ማክላፍሊን ሌላ ቦታ ማክሎክሊን፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ያለ «ማክ» ይገኛል። «ጸጋዬ» በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ለምናውቅ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ደግሞ «ማክ» ማለት «ልጅ» ማለት ነው። ድሮ እንደኛው በአባት ስም ይጠሩ ነበር፤ በኋላ ስሙ ባለበት ቀጥ አለና የቤተሰብ ስም ሆነ።

1850 ላይ ስትደርሱ ግድግዳ ይገጥማችኋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ቆጠራዎች በስም የተጻፈው አባወራው ብቻ ነው። ሚስትና ልጆች በዕድሜና በፆታ የተቆጠሩ ቁጥሮች ናቸው። በባርነት የተያዙት ሰዎች በ1850 እና በ1860 እንኳን በባለቤታቸው ስም ስር ያለ ስም ነው የተመዘገቡት። የትዳር ጓደኛችሁ ጥቁር አሜሪካዊ ከሆነ፣ ከስኮትስ-አይሪሽ የመጣ ስም ወይም ደም ብዙ ቤት አለና፣ የ1870 ቆጠራ ቁልፍ መዝገባችሁ ነው።

ግድግዳው ጋ ስትደርሱ ጎረቤቱን ጠይቁ

አብዛኛው ሰው እዚህ ቦታ ላይ ነው የሚሳሳተው። እኔም ተሳስቻለሁ። ኢንተርኔት ላይ ሰው የሠራው የዘር ሐረግ አገኘሁ፤ ስሙ ልክ፣ ዓመቱ ልክ፣ በአንድ ጠቅታ አልስተር ገባሁ። ለሦስት ወር የሰው አያት ሳለቅስ ከረምኩ። አንድ ካውንቲ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው አራት ሰዎች ነበሩ። ጆን፣ ጄምስ፣ ዊሊያም፣ ሮበርት... ስሞቹ እንደሆነ ከእነዚህ አይወጡም።

መፍትሔው ሰውየውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን መከተል ነው። እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን አይሄዱም ነበር። ከአንድ አጥቢያ ተነስተው በአንድ መርከብ ይሻገራሉ፣ ፊላደልፊያ ወይም ደላዌር ያለው ኒውካስል ይወርዳሉ። ከዚያ ታላቁ የሠረገላ መንገድ በሚባለው በላንካስተርና በዮርክ አድርገው ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ከዚያም ወደ ካሮላይና ይወርዳሉ። የሚጋቡት ከጎረቤት ነው። ውል ላይ እማኝ የሚሆነው አማች ነው።

ስለዚህ የካውንቲውን የመሬት ሽያጭ ውሎች አውጡ። ሻጭና ገዢ ብቻ አይደለም፤ እማኞቹንና «በምሥራቅ እገሌ ያዋስነዋል» የተባሉትን ሁሉ ጻፉ። ኑዛዜዎችን አንብቡ። በትዳር ስሟ የተቀየረ ሴት ልጅ የምትገኘው ብዙ ጊዜ በአባቷ ኑዛዜ ውስጥ ነው። የፍርድ ቤት ክርክሮችንም አትለፉ። ወንድማማቾች በውርስ ሲካሰሱ ለእኛ በጎ ነው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ዳኛው ፊት ይዘረዝራሉ። የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ከእነዚህ የክርክር መዝገቦች ብዙውን ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል።

የካውንቲ ወሰን እንደ ወረዳ ወሰን ነው፤ ይቀያየራል። ቨርጂኒያ ውስጥ ኦገስታ ካውንቲ መጀመሪያ እጅግ ሰፊ ነበር፤ ቦተቶርት ከእሱ የተከፈለው በ1770 ነው። ሰውየው ቦታውን ሳይለቅ መዝገቡ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ሁሌም «በዚያ ዓመት ይሄ ቦታ በማን ስር ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሰውየው በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ተዋግቶ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ። በ1832 በወጣው የጡረታ ሕግ ሽማግሌዎቹ ፍርድ ቤት ቀርበው የት እንደተወለዱ፣ የት እንደኖሩ፣ በማን ስር እንደዘመቱ በቃላቸው ተናግረዋል። ሳነብ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ የሰማሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ባሕሩን መሻገር

የመርከብ ተሳፋሪ ዝርዝር ፍለጋ ዕድሜያችሁን አትፍጁ። አሜሪካ የተሳፋሪ ዝርዝር በሕግ ማሰባሰብ የጀመረችው በ1820 ነው። ከ1727 ጀምሮ ፔንሲልቫኒያ የሚደርሱ ጀርመኖች ቃለ መሐላ ስለሚፈጽሙ ስማቸው ተጽፏል። የአልስተር ሰዎች ግን የእንግሊዝ ንጉሥ ዜጎች ስለነበሩ ማንም አልመዘገባቸውም።

ለመሻገር የሚያስፈልጋችሁ የቦታ ስም ነው። «አየርላንድ» አይበቃም፤ «አንትሪም» ወይም «ታይሮን» የሚለው የካውንቲ ስምም ገና ነው። የምትፈልጉት አጥቢያውን፣ ከተቻለም ታውንላንድ የሚባለውን ትንሹን የመሬት ክፍል ነው። የእኛ ጎጥ በሉት። አየርላንድ ውስጥ ከ60,000 በላይ ታውንላንድ አለ። ይሄ ስም ደግሞ የሚገኘው አየርላንድ ሳይሆን አሜሪካ ነው፦ መቃብር ድንጋይ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ ወይም አብሮ በመጣው ጎረቤት ወረቀት ላይ። ለዚህ ነው አትቸኩሉ የምለው።

ቦታውን ካወቃችሁ በኋላም አንድ መርዶ አለ። ሰኔ 30 ቀን 1922፣ በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ፣ ደብሊን ያለው የመዛግብት ቤት ተቃጠለ። የ1821 እስከ 1851 ቆጠራዎች ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር አመድ ሆኑ። ከእሳቱ በፊት ከተደረጉት ቆጠራዎች ሙሉ ሆነው የተረፉት የ1901 እና የ1911 ብቻ ናቸው። ለእኛ ጉዳይ በጣም ዘግይተዋል።

የቀረው ምትክ መዝገብ ነው። በ1630 አካባቢ የጦር መሣሪያ ሊይዙ የሚችሉ ወንዶች ዝርዝር፣ የ1660ዎቹ የምድጃ ግብር፣ ከፊሉ የተረፈው የ1740 የፕሮቴስታንት አባወራዎች ዝርዝር አለ። እኔ የምወደው የ1796ቱን የተልባ አብቃዮች ዝርዝር ነው። እነሱ ተልባ የሚዘሩት ለግንዱ፣ ሊነን ለሚባለው ጨርቅ ነው። አንድ ኤከር ለዘራ አራት የመፍተያ መንኮራኩር፣ አምስት ኤከር ለዘራ የሽመና ዕቃ ይሸለም ነበር። 60,000 ገደማ ስም ከነአጥቢያው ተጽፏል። የእናንተ ሰው ቀድሞ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ወንድሙ ግን ቀርቶ ተልባ ዘርቶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለውን የአሥራት መዝገብና ከ1847 እስከ 1864 የተሠራው የግሪፊዝ የመሬት ግምት ይሞላዋል። የሰሜን አየርላንድ መዛግብት ቤት፣ ፕሮኒ የሚባለው፣ ቤልፋስት ነው፤ ድረ ገጹ ላይ በነፃ የሚታይ ብዙ ነገር አለው።

ስለ ስም አወጣጥና ስለ ዲኤንኤ

ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ ወንድ ልጁን በአባት አባት፣ ሁለተኛውን በእናት አባት ስም ይጠራ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት በእናት እናት ስም። ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የዲኤንኤ ምርመራ ብታደርጉ ከቤቱ ትልቁን ሰው አስመርምሩ። «ስኮትላንድ ይሄን ያህል ፐርሰንት» የሚለው ገጽ ያምራል፤ ግን ሰውየው በቀጥታ ከስኮትላንድ ይምጣ ወይስ በአልስተር በኩል፣ አይለይላችሁም። ጠቃሚው የዘመዶች ዝርዝር ነው። እሱም ቢሆን ይደክማል። በሰባተኛው ቤት 128 አያቶች አሉ፤ ከእያንዳንዳቸው የሚደርሰን በአማካይ ከአንድ ፐርሰንት በታች ነው። ከአንዳንዶቹ ጭራሽ ምንም አልደረሰን ይሆናል።

እኛ በባለቤቴ ወገን ኦገስታ ላይ ቆመናል። የአንድ መሬት ውል እማኝ የሆነ ሰው አለ፤ እሱ ከየት እንደመጣ እየፈለግን ነው። አክስቴ በየደወለች ቁጥር ስንተኛ ቤት እንደደረስን ትጠይቃለች። ባለፈው ሰባተኛውን አለፍን ስላት ትንሽ ዝም አለችና፣ «ከእኛ ጋር አይነካካም አይደል?» አለችኝ።