የሞተር ሳይክል ቸርኬን አሮጌ ቀለም አንስቶ በዱቄት ወይም በፈሳሽ ቀለም ማደስ

የአልሙኒየም ቸርኬ ቀለም ቀድሞ የሚለቀው በታወቁ ቦታዎች ነው፦ ጎሚስታው ብረቱን ባስገባበት ከንፈር ላይ፣ በቫልቩ ዙሪያ፣ እና ከካቴናው የሚረጨው ግራሶና አሸዋ በሚያርፍበት የኋላ ቸርኬ ጎን። ቀለሙ እዚያ ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል። አልሙኒየሙ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ያ ዱቄት ከሥር እየገፋ ጤነኛውን ቀለም ጭምር ያነሳዋል። በዚህ ላይ ደርቦ መቀባት ለጥቂት ወራት ያሳምረዋል እንጂ አያድነውም። ሥራው እስከ ብረቱ መውረድ አለበት።

እዚህ የምናየው ወጥ ሆኖ የተቀለጠውን የአልሙኒየም ቸርኬ ነው። ራጂ (መሐሉን ከከንፈሩ ጋር የሚያያይዙ ቀጭን የብረት ሽቦዎች) ያለው ቸርኬ ሌላ ነገር ነው፤ ራጂው እንደተገጠመ ቢቀባ ቀለሙ ጥርሱን ይይዘውና ኋላ ማጥበቅም ማላላትም አይቻልም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይቀባል፣ ተመልሶ ሲገጠምም ራጂ ማስተካከል በሚችል ሰው እጅ ይሁን።

ዱቄት ወይስ ፈሳሽ?

የዱቄት ቀለም ከ60 እስከ 100 ማይክሮን ውፍረት ያለው፣ ጠጠር ቶሎ የማያነሳው ሽፋን ይሰጣል። ችግሩ ምድጃው ነው። ቸርኬው ሙሉ በሙሉ ገብቶ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እኩል የሚሞቅበት ምድጃ ያስፈልጋል፤ የወጥ ቤት ምድጃ 17 እና 18 ኢንች ቸርኬ አይችልም፣ ቢችልም ከዚያ በኋላ ምግብ ሊበስልበት አይገባም። ለበርና መስኮት የሚሆን አልሙኒየም በዱቄት የሚቀቡ ድርጅቶች ምድጃው አላቸው፤ ቸርኬ ይቀበሉ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ሲጠይቁ ዱቄቱ ፖሊስተር መሆኑን ያረጋግጡ። ኢፖክሲ ዱቄት ፀሐይ ላይ ይነጣል፣ ላዩ ወደ ዱቄትነት ይለወጣል።

ምድጃ ከሌለ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት አካል የመኪና ቀለም ጥሩ ምርጫ ነው። የተራ ስፕሬይ ቆርቆሮ ግን የፍሬን ዘይት ጠብታ ሲነካው ይላጣል። ቸርኬ ደግሞ ለፍሬን ቅርብ ነው።

መፍታት

ጎማውን ያስወጡ፣ ቫልቩን አውጥተው ይጣሉት፤ ሲመለስ አዲስ ይግባ። የሚዛን እርሳሶችን፣ ዲስኩን፣ የካቴናውን ጥርስና በኋላው ቸርኬ ውስጥ ያሉትን የንዝረት ላስቲኮች ያንሱ። የዲስክ ብሎኖች ብዙ ጊዜ በማጣበቂያ የተያዙ ናቸው፤ በሙቅ አየር ሳያሞቁ በኃይል ከዞሩ ጭንቅላታቸው ይበላል።

ኩሽኔታዎቹ፣ ማለትም ቸርኬው የሚሽከረከርባቸው ባለ ኳስ ቀለበቶች፣ መውጣት አለባቸው። ላስቲካቸውና ግራሶአቸው የ200 ዲግሪ ምድጃ አይችልም፤ ፈሳሽ ቀለም ቢመረጥም የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ ይገባባቸዋል። ኦይል ሲሉን (ግራሶው እንዳይወጣ የሚዘጋውን የላስቲክ ቀለበት) ያውጡ፣ ማቆሚያ ቀለበት ካለ ይፍቱ፣ ከዚያ የቸርኬውን መሐል በሙቅ አየር ወደ 100 ዲግሪ ያሙቁ። አልሙኒየም ከብረት ይልቅ ስለሚሰፋ ኩሽኔታው ይላላል። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለውን ቱቦ በጎን ገፋ አድርገው የውስጠኛው ቀለበት ጠርዝ ሲታይ በብረት ዘንግ ዙሪያውን እያቀያየሩ በቀስታ ይምቱ። በውስጠኛው ቀለበት ተመትቶ የወጣ ኩሽኔታ ተመልሶ አይገጠምም፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ወስደው አዲስ ይግዙ፤ በትናንሽ ሞተሮች ላይ 6202፣ 6301 እና 6302 የተለመዱ ናቸው። የመሐሉን ቱቦ ያስቀምጡ፤ እሱ ተረስቶ ቢገጠም ፐርኖው (ቸርኬው የሚዞርበት የመሐል ዘንግ) ሲጠብቅ ኩሽኔታዎቹን ጨፍልቆ ያበላሻቸዋል።

ቀለሙን ማንሳት

መጀመሪያ እጥበት። የካቴና ግራሶ በናፍጣ ይለቃል፣ ናፍጣው በላርጎና በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ግራሶ ያለበትን ቸርኬ በቀጥታ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ቅባቱን ወደ ጭረቱ ውስጥ መክተት ነው።

ሪሙቨር የሚባለው ቀለም ማንሻ ለሁለት ቸርኬ 1 ሊትር ያህል ይበቃል። በወፍራሙ ይቀቡት፣ እንዳይደርቅ በፕላስቲክ ይሸፍኑት። ጠንካራው ዓይነት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ቀለሙን ያኮማትረዋል፤ ለስላሳው ሰዓታት ይፈልጋል። የተኮማተረውን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ ያንሱ፣ ማዕዘኑን በስኮች ብራይት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ያጥቡ። የፋብሪካ ቀለም ብዙ ድርብ ስለሆነ ሁለተኛ ዙር ማስፈለጉ የተለመደ ነው። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ሪሙቨር በዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ገድሏል፤ በብዙ አገር ለግለሰብ እንዳይሸጥ የታገደውም ለዚህ ነው። ሥራው ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን፤ ተራ የጨርቅ ጭምብል ከዚህ ጭስ አይከላከልም፣ ስሱ የሐኪም ጓንትም ወዲያው ይበሳል።

ኮስቲክ ሶዳ አይንካው። ከብረት ላይ ቀለም ስለሚያነሳ ለቸርኬም ይሆናል ብሎ የሚሞክር አለ፤ አልሙኒየምን ግን ራሱን ይበላዋል። ሲንተከተክ የሚወጣው አረፋ ተቀጣጣይ ሃይድሮጂን ነው፣ የኩሽኔታው ማረፊያም ይሰፋል። ማረፊያው ከሰፋ ኩሽኔታው በውስጡ ይሽከረከራል፤ ያ ቸርኬ አበቃለት።

በእሳት ማቃጠልም እንዲሁ። ብዙ የተቀለጡ ቸርኬዎች ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት በፋብሪካ በ540 ዲግሪ አካባቢ ሞቀው፣ በድንገት ቀዝቅዘው፣ እንደገና ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ለሰዓታት በመቆየት ነው። የጋዝ ነበልባል ወይም 400 ዲግሪ የሚደርስ ማቃጠያ ምድጃ ይህን ያፈርሰዋል። ቸርኬው ቅርጹ አይለወጥም፣ ቀለሙም አምሮ ይወጣል፤ ጉድጓድ ሲገባ ግን ይታጠፋል ወይም ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው የዱቄት ቀለምም ከ200 ዲግሪ ማለፍ የሌለበት፤ ቀለም ለመቀያየር ብቻ ደጋግሞ መጋገርም አይመከርም።

በአየር ግፊት ቅንጣት መርጨት (ሳንድብላስቲንግ) ፈጣኑ መንገድ ነው። ከ80 እስከ 120 ቁጥር አልሙኒየም ኦክሳይድ ወይም የብርጭቆ ቅንጣት፣ በ3 እስከ 4 ባር ግፊት። ከዚያ በላይ ስሱ ከንፈሩን ይበላል። የብረት ቅንጣት አልሙኒየሙ ውስጥ ይቀርና በቀለሙ ሥር ይዝጋል፤ የብረት ሽቦ ብሩሽም ያንኑ ያደርጋል። የወንዝ አሸዋ በደረቁ መርጨት ሳንባን የሚያቆስል ሲሊካ ያስነሳል፤ እሱን ከሚጠቀም ቤት ቢርቁ ይሻላል።

በእጅ ከሆነ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይጀምሩ፣ በ120 እና በ180 ቀጥለው በ240 ወይም በ320 ይጨርሱ። ነጭ ዱቄት የያዙ ጉድጓዶች እስከ ንጹሕ አንጸባራቂ ብረት ድረስ መፈተግ አለባቸው፤ ትንሽ ነጭ ነጥብ ከቀረች ቀለሙ የሚለቀው ከእሷ ነው።

አሁን ይመርምሩ

ቀለሙ ከተነሳ በኋላ ያለው ሰዓት የቸርኬውን እውነት የሚያሳይ ነው። ክንዶቹ ከከንፈሩና ከመሐሉ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ በቲነር በረጠበ ጨርቅ ያብሱና በብርቱ ብርሃን አጠገብ ሆነው ይመልከቱ። ቲነሩ ከላዩ ላይ ወዲያው ይተናል፤ ስንጥቅ ካለ ግን ውስጥ የገባው ቲነር ቀስ እያለ ስለሚወጣ ፀጉር የመሰለች ጥቁር መስመር ለጥቂት ሰከንድ ትቀራለች። እንዲህ ያለ ቸርኬ በስቱኮም በብየዳም አይሸፈን፤ ይጣል። ኩሽኔታዎቹ ገና ሳይወጡ ቀድመውም በፐርኖው ላይ አዙረው ከንፈሩ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ስንት እንደሚወዛወዝ ይለኩ፤ በብዙ ሞተሮች ማንዋል ላይ ገደቡ 2 ሚሊሜትር ነው።

ለዱቄት የሚሄድ ቸርኬ ላይ ተራ ስቱኮ አይደረግ። በ200 ዲግሪ ያብጣል፣ ይነሳል። ጭረት ካለ በመፈተግ ይስተካከል።

ቀለም የማይነካባቸው ቦታዎች

እንደ እኛ አስተያየት ቸርኬ ቀቢው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብረት ከብረት ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ሁሉ ባዶ ይቀራል፦ የኩሽኔታ ማረፊያ፣ ዲስኩ የሚያርፍበት ፊት፣ የካቴናው ጥርስ የሚገጠምበት፣ የብሎን ቀዳዳዎች፣ ፍሬኑ ታምቡር ከሆነም የፍሬን ሸራው የሚነካው የውስጥ ብረት። በዲስኩ ፊት ላይ ያለ የዱቄት ሽፋን ብሎኑ ሲጠብቅ ቀስ በቀስ ይጨፈለቃል፤ ብሎኑ ይላላል። ሽፋኑ በአንድ በኩል ከወፈረ ደግሞ ዲስኩ ተዛብቶ ይዞርና ፍሬን ሲያዝ እጀታው ይንቀጠቀጣል።

ለዱቄት መሸፈኛው ሙቀት የሚችል አረንጓዴ ፖሊስተር ፕላስተርና የሲሊኮን ውታፍ ነው፤ የተራ ወረቀት ፕላስተር ተቃጥሎ ሙጫውን እዚያው ይተዋል። ለፈሳሽ ቀለም የወረቀቱ ይበቃል፤ ለብሎን ቀዳዳዎች አሮጌ ብሎን ጥቂት ጥርስ ማስገባት ቀላሉ ዘዴ ነው።

ሸፍነው ሲጨርሱ የመጨረሻውን ቅባት ያንሱ፦ በአንድ ንጹሕ ጨርቅ አሴቶን እየቀቡ፣ ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ እየጠረጉ። በአንድ ጨርቅ ብቻ ማበስ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዛወር ነው። ንጽሕናውን በውሃ ይፈትኑ። ውሃው እንደ ሻሽ ተዘርግቶ ከተቀመጠ ንጹሕ ነው፤ ጤዛ መስሎ ከተንጠባጠበ ገና ቅባት አለ። ከዚያ በባዶ እጅ አይንኩት፤ በደንብ አድርቀው በዚያው ቀን ይቀቡ፣ አልሙኒየም ወዲያው ኦክሳይድ ማውጣት ይጀምራልና።

በዱቄት

የተቀለጠ አልሙኒየም በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፤ አየርና የዓመታት ቅባት ይይዛል። ያለ ቀለም በ200 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ካልተጋገረ፣ ያ አየር በኋላ ዱቄቱ ሲቀልጥ ይወጣና መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ይተዋል። ቀድሞ ሲጋገር የወጣ ቅባት ካለ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና በአሴቶን ይጠረጋል።

ቸርኬው ንጹሕ በሆነ ብረት መንጠቆ ይሰቀል፣ ኧርዙም (የኤሌክትሪኩ የመሬት ሽቦ) ያንን መንጠቆ ይያዝ። ቀለም የለበሰ አሮጌ መንጠቆ ኤሌክትሪኩን ስለማያሳልፍ ዱቄቱ አይያዝም። ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ሞልቶ የሚረጨው ሽጉጥ በ60 እስከ 80 ኪሎ ቮልት ይሠራል፤ ክንዱ ከመሐሉ ጋር በሚገናኝበት ጠባብ ማዕዘን ግን ዱቄቱ አልገባ ይላል። እዚያ ቮልቱን ወደ 30 ወይም 40 ኪሎ ቮልት አውርደው፣ አየሩን ቀንሰው፣ ማዕዘኑን ከሁሉ ቀድመው ይርጩ። ለሁለት ቸርኬ ግማሽ ኪሎ ያህል ዱቄት ይበቃል።

ጊዜው የሚቆጠረው ምድጃው ሲሞቅ ሳይሆን ብረቱ ሲሞቅ ነው። ብዙ ዱቄቶች ብረቱ 180 ወይም 200 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠይቃሉ፤ በካርቶኑ ላይ ያለውን ይከተሉ። ወፍራሙ መሐል ከስሱ ከንፈር ዘግይቶ ስለሚሞቅ ሙቀቱን እዚያ ላይ ይለኩ። በቂ ሳይጋገር የወጣ ዱቄት ያብለጨልጫል፣ ያማረም ይመስላል፤ ጎሚስታው ብረት ሲያስገባ ግን እንደ ቅርፊት ይነሳል። ፕላስተሩን ከማንሳትዎ በፊት ጠርዙን በምላጭ ይቁረጡ።

በፈሳሽ ቀለም

ባዶ አልሙኒየም ላይ ቀለም በቀጥታ አይያዝም። ኢፖክሲ ፕራይመር (የመሠረት ቀለም) ሁለት ስስ ድርብ፣ ከደረቀ በኋላ በ400 ወይም በ600 ቁጥር በውሃ ቀለል አድርጎ መፈተግ፣ ከዚያ ቀለሙ ሁለት ወይም ሦስት ስስ ድርብ፣ በመጨረሻ ክሊር (ቀለም የሌለው መከላከያ ሽፋን) ሁለት ድርብ። በድርቦቹ መካከል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሽጉጡን ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ያርቁ። ሁልጊዜ ከክንዶቹ ውስጠኛ ጎን ይጀምሩ፤ ፊቱን ቀድሞ የቀባ ሰው ጎኖቹን ሲቀባ ፊቱ ላይ ድርብ ይከምርና ይንጠባጠባል። ሃርድነሩን በጣሳው ላይ በተጻፈው መጠን በመለኪያ ይቀላቅሉ፤ በዓይን ግምት የተቀላቀለ ወይ አይደርቅም ወይ ይሰነጠቃል። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት አስም ያመጣል፤ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ማስክ ከሌለ ለሙያተኛ ይስጡ።

ቀለሙ ክብ ክብ እየሆነ ከሸሸ ሲሊኮን ወይም ቅባት ነክቶታል፤ ከማድረቅና ፈትጎ ከመጀመር ሌላ መፍትሔ የለውም። ነጭ ደመና ከለበሰ እርጥበት ነው። በሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ይህ ብዙ ያጋጥማል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ወይም ዝናብ እያካፋ አይርጩ፣ በኮምፕረሰሩ ላይም የውሃ ማጣሪያ ይኑር።

መግጠም

ዱቄት ከቀዘቀዘ በማግስቱ ጎማ ሊገጠም ይችላል። ፈሳሽ ቀለም ግን አንድ ሳምንት ይታገሥ፤ ቶሎ ከተገጠመ ጎማው ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል። አዲሱን ኩሽኔታ ለአንድ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩ፣ መሐሉን ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ያሙቁ፤ ውጫዊ ቀለበቱን ብቻ የሚነካ የብረት መግፊያ ተጠቅመው ያስገቡት። ከአንዱ በኋላ የመሐሉ ቱቦ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ለጎሚስታው የከንፈር መከላከያ ፕላስቲክ ይስጡት፤ የጎማው ከንፈር በሳሙና ይለስልስ፣ በጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስትም ወደ መሽከርከሪያው አቅጣጫ ይሁን። የዲስክ ብሎኖች በማንዋሉ መጠን፣ መካከለኛ የብሎን ማጣበቂያ ተደርጎባቸው፣ በተቃራኒ ተራ ይጥበቁ።

ነፋሱ ከተሞላ በኋላ ከንፈሩን ዙሪያውን በሳሙና ውሃ ይቀቡና አረፋ የሚወጣበት ቦታ እንዳለ ይዩ። 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የዲስኩንና የካቴናውን ጥርስ ብሎኖች በቶርክ መፍቻ እንደገና ይፈትሹ። አንዱ እንኳ ከዞረ ሥሩ ቀለም ቀርቷል ማለት ነው፤ ይፈታ፣ ፊቱ ይጠረግ፣ እንደገና ይገጠም።