የጠበቁትን ያህል ሆኖ ያላገኙትን የኢንዲ ፍልሚያ ጌም እንዴት ይመዝኑታል?

የፍልሚያ ጌም በማስታወቂያ ቪዲዮው ልብ ሰቅሎ ሲጫወቱት ግን ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ገጸ ባሕርያቱ አምረው የተሣሉ፣ ሙዚቃውም ደስ የሚል ሆኖ ሳለ፣ ጥቂት ዙር እንደተጫወቱ ምክንያቱን በውል መናገር የማይቻል መሰላቸት ይመጣል። ኢንዲ በሚባሉት፣ በጥቂት ሰዎች እጅ በሚሠሩት ጌሞች ላይ ደግሞ ቅሬታው ጠንከር ይላል፤ ብዙዎቻችን እነዚህን ጌሞች የምንገዛው የትንሹን ቡድን ድፍረት ማበረታታት ስለምንፈልግ ነውና። ሆኖም «ጌሙ አይረባም» ብለው ከመዝጋትዎ በፊት ችግሩ ከመሣሪያዎ፣ ከጌሙ አሠራር ወይም ገና ካልለመደ እጅ የመጣ መሆኑን ይለዩ። ሦስቱም የሚፈጥሩት ስሜት ተመሳሳይ ቢሆንም መፍትሔያቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ለዚህ ያለዎት ጊዜ አጭር ስለሆነ በቅድሚያ የመደብሩን ደንብ ይወቁ። የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር ስቲም ገንዘብ የሚመልሰው ጌሙ ከተገዛ 14 ቀን ሳያልፈው፣ የተጫወቱበትም ጊዜ ከ2 ሰዓት በታች ከሆነ ነው። የፕሌይስቴሽን መደብር ከዚህ ጠበቅ ይላል፤ ጌሙን ማውረድ ከጀመሩ በኋላ፣ ጉድለት ያለበት ሆኖ ካልተገኘ በቀር፣ ገንዘብዎን አይመልስም፤ ስለዚህ ከዚያ የሚገዛ ሰው ነጻ መሞከሪያ ካለው አስቀድሞ እርሱን ቢጫወት ይሻለዋል። ስቲም የሚቆጥረው ጌሙ ተከፍቶ የቆየበትን ጊዜ ነው፤ በመግቢያ ገጹ ላይ ትተውት ወደ ሌላ ሥራ ቢሄዱም ቆጠራው አይቆምም። በመሆኑም ይህን ጊዜ በመግቢያ ታሪኩ አያባክኑት፤ በቀጥታ ወደ ልምምድ ክፍሉ ይግቡ። ልምምድ ክፍል የሌለው የፍልሚያ ጌም ሥራው ሳያልቅ ለገበያ የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ መሣሪያዎን ከጥርጣሬ ነጻ ያድርጉ። በቴሌቪዥን የሚጫወቱ ከሆነ የጌም ሞዱን ያብሩ፤ አለበለዚያ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር የሚወስደው ጊዜ እያንዳንዱን ምት ያዘገየዋል። ኮንትሮለሩን በገመድ ያገናኙ፤ በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ምስሉን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስማማው፣ ቪሲንክ የሚባለው ካለም አጥፍተው ልዩነቱን ይመልከቱ። የፍልሚያ ጌሞች በአብዛኛው በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ተከታታይ ምስል እያሳዩ ይሠራሉ፤ አንድ ፍሬም ማለት 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ብዙዎቹ የጌሙን ሂደት ከፍሬሙ ጋር ያሰሩ በመሆናቸው ኮምፒውተሩ 60 መድረስ ሲያቅተው ፍልሚያው በሙሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስል ይዘገያል። እንዲህ ከሆነ የጥላና የብርሃን ጥራቱን ዝቅ አድርገው እንደገና ይሞክሩ። ይህም ካልረዳ ችግሩ ያለው ከሠሪዎቹ ዘንድ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉ የሚበልጥ ፈተና ነው፤ ቁልፉን በተጫኑበትና ገጸ ባሕርዩ በተንቀሳቀሰበት መካከል ምን ያህል ጊዜ ያልፋል? ይህን በስሜት መገመት አያስፈልግም። ስልክዎ በሰከንድ 240 ምስል መቅረጽ የሚችል ከሆነ፣ አውራ ጣትዎና ስክሪኑ አብረው እንዲታዩ አድርገው ያቁሙትና ቀላሉን ቡጢ ደጋግመው ይምቱ። ከዚያ ቪዲዮውን ምስል በምስል እያንቀሳቀሱ፣ ቁልፉ ወደ ታች ከወረደበት ምስል አንሥቶ የገጸ ባሕርዩ ትከሻ መንቀሳቀስ እስከጀመረበት ምስል ድረስ ይቁጠሩ። አራት የስልኩ ምስል አንድ የጌሙ ፍሬም ነው፤ 40 ምስል ከቆጠሩ የዘገየው በ10 ፍሬም ወይም በ167 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በዚያው ስክሪንና በዚያው ኮንትሮለር የሚወዱትን ሌላ የፍልሚያ ጌም እንዲሁ ቀርጸው ያነጻጽሩት። አዲሱ ጌም በግልጽ ከዘገየ እጅዎን መውቀስ ይተዉ፤ የቱንም ያህል ቢለማመዱ ይህን መዘግየት ሊያስቀሩት አይችሉም።

መዘግየት ከሌለ ደግሞ ምቱን ራሱን ይመርምሩ። ማንኛውም ምት ሦስት ክፍል አለው፤ ክንዱ የሚነሣበት፣ የሚመታበት እና ወደ ቦታው የሚመለስበት። ጥሩ ጌም ቀላሉን ቡጢ ፈጣንና አጭር፣ ከባዱን ምት ዘገም ያለና ሲስት የሚያስቀጣ አድርጎ እያንዳንዱ የራሱ ጥቅምና ዋጋ እንዲኖረው ያደርጋል። ደካማ ጌም ውስጥ ግን አንድ ምት ለሁሉም ነገር ይበቃል፤ ያንኑ ቁልፍ እየደጋገሙ ማሸነፍ ከቻሉ የመሰላቸትዎ ምንጭ እዚያ ነው። በልምምድ ክፍሉ ውስጥ ከቆመው ተቃዋሚ ትንሽ ራቅ ብለው ይቁሙና፣ የእግርዎ ጫፍ አካሉን ለጥቂት እስኪነካው ድረስ በትንሽ በትንሹ እየቀረቡ ይምቱ። እግሩ በደረቱ ውስጥ አልፎ ምንም ካልሆነ፣ ወይም በመካከላቸው ባዶ ቦታ እያለ ከተመታ፣ በዓይን የማይታየው የምት ክልል ከሥዕሉ ጋር አልተጣጣመም። ምቱ ሲያርፍ ሁለቱም ገጸ ባሕርያት ለጥቂት ፍሬም ቀጥ ማለታቸውንም ያስተውሉ፤ ይህች ቅጽበት ስትጎድል ቡጢው ክብደት ያጣል፣ ተጫዋቹም «ምቱ አይሰማም» ይላል።

ከባድ ጌምና የተበላሸ ጌም አንድ አይደሉም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የሰው ዓይን አይቶ እጁ እስኪመልስ ሩብ ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም 15 ፍሬም ያህል ይወስዳል። ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚነሣን ምት አይቶ መከላከል ስለማይቻል አስቀድሞ መገመት ግድ ይላል፤ ይህም በፍልሚያ ጌም ውስጥ ተገቢ የጨዋታው አካል ነው። ስለዚህ በተሸነፉ ቁጥር አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፤ በምን ተመታሁ? መልሱን ማወቅ ከቻሉ የሚማሩት ነገር አለ፤ ጌሙንም ትንሽ ይታገሡት። ከካሜራው ውጭ ካለ ጠላት ያለምንም ምልክት ከተመቱ፣ ወይም ከወደቁበት ሳይነሡ መከላከያ በሌለበት ሁኔታ እንደገና ከተመቱ ግን ጥፋቱ የጌሙ ነው።

ለኦንላይን ፍልሚያ የገዛ ሰው ሌላም የሚያየው ነገር አለው። አሮጌው የኦንላይን ግንኙነት አሠራር የተቃዋሚው ትእዛዝ እስኪደርስ የእርስዎንም ያዘገያል፤ ሮልባክ የሚባለው ግን የተቃዋሚውን እርምጃ ገምቶ ይቀጥልና ግምቱ ሲስት ወደ ኋላ መልሶ ያርማል። ለዚህ ሥራ ቶኒ ካነን የሠራው ጂጂፒኦ የተባለ ሶፍትዌር ከ2019 ጀምሮ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ በ2012 የወጣው ስከልገርልስ የተባለው የኢንዲ ጌምም ተጠቅሞበታል። ይሁን እንጂ ሮልባክ ጌሙ የእያንዳንዱን ፍሬም ሁኔታ ማስቀመጥና መልሶ ማምጣት እንዲችል ስለሚጠይቅ፣ ከመሠረቱ ያልታሰበበትን ጌም በኋላ ማስተካከል እጅግ አድካሚ ነው። «ወደፊት ይጨመራል» በሚል ተስፋ ብቻ ጌሙን እንዲያቆዩት አልመክርም። ስቲም ላይ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እየተጫወተ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ቁጥሩ በጣም ዝቅተኛ ከሆነ ተቃዋሚ መጠበቁ ራሱ ጌሙን ያስጠላዎታል።

ውሳኔዎ መመለስም ሆነ ማቆየት፣ ለሠሪዎቹ ይጻፉላቸው፤ በትንሽ ቡድን ውስጥ መልእክቱን የሚያነበውና ኮዱን የሚያርመው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። «መቆጣጠሪያው መጥፎ ነው» የሚል አስተያየት አይረዳቸውም። «በዚህ ቁጥር እትም፣ በገመድ በተገናኘ ኮንትሮለር፣ በልምምድ ክፍሉ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስረግጥ ምቱ የቆመውን ተቃዋሚ ያልፈዋል፤ ቪዲዮው ይኸው» የሚለው ግን በዚያው ቀን ሊታረም የሚችል ነገር ይዟል። የቀረጹትን የስልክ ቪዲዮና የቆጠሩትን የፍሬም ብዛት አብረው ያያይዙ። ስቲም ላይ የሚሰጡትን ግምገማ በኋላ ማሻሻል ስለሚቻል የሞከሩትን እትም ቁጥር በውስጡ ይግለጹ፤ አፕዴት ሲወጣም ያማረሩበትን አንድ ነገር ብቻ እንደገና ፈትነው፣ ተስተካክሎ ካገኙት ግምገማዎን በዚያው ልክ ያርሙ።