ኮንሰርት ገብተን ዘፋኙን ሳንሰማ የምንወጣባቸው ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምወደው ዘፋኝ ባሕር ዳር መጥቶ ከታናሽ እህቴ ጋር ሄድን። በማግስቱ ስልኬን ስከፍት 47 ቪዲዮ አገኘሁ። በአንዱም የዘፋኙ ድምፅ አይለይም። ግርርር የሚል ነገር፣ የአንድ ረጅም ሰውዬ ማጅራት፣ ከዚያ የእኔው ጩኸት። የዘፋኙን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የሱ አይደለማ።

«ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ» ማለት

ጥር 2010 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ ባሕር ዳር ስታዲየም ሲዘፍን አንድ ጓደኛዬ «ግፊያ አልወድም፣ ሲደግም እሄዳለሁ» ብሎ ቤቱ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። ማዲንጎ አፈወርቅ መስከረም 2015 ላይ ድንገት ሲለየን «ሲደግም» ያልን ብዙዎች ነበርን። ማሕሙድ አሕመድም ጥር 2017 አዲስ አበባ ላይ የስንብት ኮንሰርቱን አድርጓል። የምትወዱት ሰው ከተማችሁ ድረስ ከመጣ ሂዱ፣ በቃ።

ትኬቱን ፎቶ አንስቶ መለጠፍ

ደስታው ይገባኛል። ግን ኮዱ ከታየ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ቀድሞ ያሳየው ይገባል፣ እናንተ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ትጨቃጨቃላችሁ። በር ላይ «ቀንሼ ልስጥህ» ከሚል ሰውም አትግዙ። ከሌላ ከተማ የምትመጡ ከትኬቱ እኩል አልጋ ያዙ። ከጎንደር እንኳ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሌሊት የሚመለሱበት መንገድ አይደለም።

መድረኩ ሥር መለጠፍ

በሩ ሲከፈት ሁሉም ወደፊት ይሮጣል። እኛም ሮጥን። ትልልቆቹ ሞንታርቦዎች የሚቆሙት በመድረኩ ግራና ቀኝ ነው። ቤዝ የሚያወጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ ይደረደራሉ። ስለዚህ ፊት የቆመ ሰው ቤዙን በሆዱ ይሰማዋል፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን በአናቱ ላይ ያልፋል። እህቴ «ምን አለ? ምን አለ?» ስትለኝ አመሸች።

ታዲያ የት ይቆማል? ሚክሰሩ ያለበትን ፈልጉ። ድምፁን የሚያስተካክለው ባለሙያ እዚያ ሆኖ በጆሮው እየሰማ ነው የሚያስተካክለው። እሱ ጋ ጥሩ ከሆነ አጠገቡ ለቆመውም ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ወደ ኋላ ከራቃችሁ ሌላ ጣጣ አለ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ጋ የከበሮው ድምፅ የሚደርሰው የሰከንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ነው። ስታዲየም ውስጥ የፊቱና የኋላው ጭብጨባ አልገጥም የሚለው ለዚህ ነው እንጂ ሕዝቡ ምት ጠፍቶበት አይደለም። ጎጃሜን «ምት አታውቅም» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ የገባ ሰው አላውቅም።

ጆሮንም አስቡለት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መስፈርት በመዝናኛ ቦታዎች አማካይ ድምፁ ከ100 ዲሲቤል እንዳይበልጥ ይላል። ሞንታርቦ ሥር ይህን የሚጠብቅላችሁ የለም። ጥጥ መወተፍ ብዙም አይረዳም፤ ራቅ ማለት ይሻላል።

ኮንሰርቱን በስልክ ማየት

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ ዘፋኙ እጁን አነሳና ባንዱን ዝም አሰኘ። ማሲንቆ ብቻ ቀረ። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ አንዲት ስንኝ በለሆሳስ ጀመረ። እኔ በዚያች ሰዓት ምን እሠራ ነበር? ሚሞሪ ሞልቶብኝ የአክስቴን ልጅ የሠርግ ቪዲዮ አጠፋ ነበር። እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ቀና በል!» ቀና ስል ከበሮው ገብቶ ሰው ሁሉ ይዘላል። አለፈኝ።

ደግሞ የስልክ ማይክ ያን ያህል ድምፅ አይችልም። ሞንታርቦ አጠገብ የቀዳችሁት ሁሉ ይሰነጣጠቃል። ሁለት ፎቶ አንሱ፣ ከፈለጋችሁ አንድ ዘፈን ቅረጹ፣ ከዚያ ኪስ ውስጥ ክተቱት።

«እንደ ካሴቱ አልዘፈነውም»

ከኮንሰርት ስወጣ ይህን ሳልሰማ ቀርቼ አላውቅም። ካሴቱን የቀዳው በ25 ዓመቱ ነው እንበል። አሁን 50 አልፎታል። ቶኑ ዝቅ ይላል። ትዝታው ይረዝማል፣ ጭፈራው ይፈጥናል። እና ምን ይሁን?

በተለይ የባሕር ዳር ሰው እንዲህ ሲል ይገርመኛል። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ አታውቁም? አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ጠረጴዛችሁ ድረስ ይመጣል። «ተቀበል!» ትሉታላችሁ። ስንኝ ትሰጡታላችሁ፣ ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ስለ ሸሚዛችሁም ስለ ቦርጫችሁም እዚያው ይገጥምባችኋል፤ ስቃችሁ ብር ግንባሩ ላይ ትለጥፋላችሁ። ትናንት ያለውን ቃል በቃል ዛሬ ቢደግመው ማን ይሸልመዋል? ለአዝማሪው የፈቀድነውን ለትልቁ ዘፋኝ ለምን እንከለክለዋለን?

እንዲያውም የተለወጠውን ቦታ ጠብቁት። ብዙዎቹ ለከተማው የሚሆን አንድ ስንኝ ጣል ያደርጋሉ። «ጣና» ሲል ሰው ያብዳል።

«ባሕር ዳር ሙቅ ናት» ብሎ በስስ ሸሚዝ መሄድ

ቀን አዎ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ሌላ ነው። ሐይቁ ዳር ከሆነ ደግሞ ቢንቢ አለ። እጅጌው ረዘም ያለ ልብስ ያዙ። ተረከዙ ረጅም ጫማ ሣር ውስጥ ይሰምጣል። እህቴ ሁለቱንም በእጇ ይዛ ነው የወጣችው።

በሩ ፊት ባጃጅ መጠበቅ

ሲያልቅ ሁሉም አንድ ጊዜ ይወጣል። ባጃጁ ሁሉ «ኮንትራት ነው» ይላል፣ ዋጋውም እንደ ልቡ ነው። ቢያንስ ሳትገቡ ተስማሙ። ሰው ካለ በእግር ራቅ ብሎ መያዝ ይሻላል።

እኛ ያን ቀን ባጃጅ አጣን። ቤታችን ዓባይ ማዶ ስለሆነ ከሰው ጋር ተያይዘን በእግራችን ሄድን። ግንቦት 2016 የተከፈተው አዲሱ ድልድይ ገና አልነበረም፣ በአሮጌው ነው የተሻገርነው። እህቴ ባዶ እግሯን፣ በተዘጋ ድምፅ፣ ያቺኑ ያመለጠችኝን ስንኝ ጀመረችልኝ። ከኋላችን የማናውቃቸው ልጆች ተቀበሏት። የዓባይ ጉማሬ ሳይሰማን አልቀረም። እኔ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ የድልድዩ ጠባቂ «ስልክ አታውጣ!» አለኝ። እዚያ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር። እጄን መልሼ አወጣሁና አብሬ ዘፈንኩ።